ፀጉሯ አብዝቶ ለሚረግፍ ድመት፦ ስለ ማበጠር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድመት ካለበት ቤት ጥቁር ልብስ ለብሶ መውጣት ፈተና ነው። ሶፋው ላይ ፀጉር፣ ትራሱ ላይ ፀጉር፣ ስኒ ውስጥ ሳይቀር ፀጉር። ብዙ ሰው የሚጠይቀው «እንዴት ላስቁመው?» ብሎ ነው። ማስቆም አይቻልም። ሊረግፍ የደረሰ ፀጉር መርገፉ አይቀርም። በእጃችሁ ያለው የት እንደሚያርፍ መምረጥ ነው፤ ብሩሹ ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ ወይም ድመቷ ሆድ ውስጥ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ፀጉሩ ብሩሹ ላይ እንዲቀር የሚረዱ ናቸው።

ይህን ያህል መርገፉ ጤናማ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። እያንዳንዱ ፀጉር የራሱ ዕድሜ አለው። ያድጋል፣ ማደጉን ያቆማል፣ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ይቆያል፣ ከዚያ ወድቆ ቦታውን ለአዲስ ይለቃል። ይህን ዑደት በዋናነት የሚመራው የቀኑ ርዝመት ነው፤ ድመቷ የምታገኘው የብርሃን መጠን ማለት ነው። ውጭ የምትውል ድመት ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ወፍራሙን የብርድ ጊዜ ፀጉሯን በብዛት ታራግፋለች። ቀኑ ሲያጥር ደግሞ እንደገና ታራግፍና ጥቅጥቅ ያለ አዲስ ፀጉር ታበቅላለች። ቤት ውስጥ ብቻ የምትኖር ድመት ግን ሌሊትና ቀን መብራት ታያለች። ሰውነቷ ወቅቱን በደንብ ስለማይለይ ዓመቱን ሙሉ በመጠኑ ይረግፍላታል። «የእኔዋ መቼም አያቆምላትም» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው።

ቀለል ያለ መለያ ልስጣችሁ። ፀጉሩ ከመላ ሰውነቷ በእኩል የሚረግፍ ከሆነ፣ የቀረው የሚያንጸባርቅ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ካልቀላና ካልቆሰለ፣ ብዛቱ ቢያስደነግጥም አትጨነቁ። አንድ ቦታ ተመልጦ ቆዳው ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ድመቴ ፀጉሯ አጭር ነው። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ይረግፋል?

የፀጉሩ ርዝመትና የሚረግፈው መጠን አንድ ነገር አይደሉም። አብዛኞቹ ድመቶች ከላይ ጠንከር ያለ ፀጉር፣ ከሥሩ ደግሞ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ የውስጥ ፀጉር አላቸው። በብዛት የሚረግፈው የውስጡ ነው። ብሪቲሽ ሾርትሄር የሚባለው ዝርያ ፀጉሩ አጭር ነው፤ ነገር ግን የውስጡ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ይረግፋል። ሲያሚዝ ደግሞ የውስጥ ፀጉሩ ስስ ስለሆነ ባለቤቱን ብዙም አያስቸግርም። ፐርሺያንና ሜን ኩን ሁለቱም አለባቸው፤ ርዝመቱም ውፍረቱም።

አጭር ፀጉር ሌላ ጣጣ አለው። እንደ መርፌ ጨርቅ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ረጅሙ ተጠቅልሎ ስለሚከማች ማንሳቱ ይቀላል።

ድመት ራሷን ታጸዳ የለ እንዴ? እኔ ለምን ላበጥራት?

ታጸዳለች፤ ያውም በትጋት። ነቅታ ከምታሳልፈው ጊዜ ሩብ ያህሉ ራሷን በመላስ ያልፋል። ምላሷ ላይ ወደ ኋላ ያጋደሉ ጥቃቅን እሾህ መሰል ነገሮች አሉ። የተሠሩትም ጥፍር ከተሠራበት ኬራቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች እነዚህ እሾሆች ጫፋቸው እንደ ማንኪያ የተቦረቦረ መሆኑን አሳይተዋል። ምራቁን በዚያች ቦርቧራ ይዘው እስከ ፀጉሩ ሥር ያደርሱታል። ድንቅ መሣሪያ ነው።

ችግሩ እሾሆቹ የሚያጋድሉት ወደ ጉሮሮዋ መሆኑ ነው። የተነቀለው ፀጉር ምላሷ ላይ ተይዞ ይቀራል፣ ልትተፋውም አትችልም። ያላት ምርጫ መዋጥ ብቻ ነው። እናንተ በብሩሽ የምታነሱት እያንዳንዱ ጭብጥ ፀጉር እሷ የማትውጠው ነው። ለእኔ ማበጠር አስፈላጊ የሆነበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። የሶፋው ንጽሕና ሁለተኛ ነው።

በሳምንት ስንት ጊዜ ላበጥራት?

አጭር ፀጉር ላላት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃል። ረጅም ፀጉር ላላት በየቀኑ። ፀጉሯ በጣም በሚረግፍበት ወቅት አጭር ፀጉር ያላትንም በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ብታበጥሯት ለውጡን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ስንት ጊዜ እንደምታበጥሩ ከማሰብ ይልቅ በአንድ ጊዜ ለምን ያህል ደቂቃ እንደምታበጥሩ ተጠንቀቁ። በየቀኑ ሦስት ደቂቃ በወር አንዴ ከሚደረግ የአንድ ሰዓት ትግል በብዙ እጥፍ ይሻላል። ከአንድ ሰዓቱ ትግል በኋላ ድመቷ ብሩሹን ባየች ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች።

የትኛውን ብሩሽ ልግዛ?

ገበያው ላይ ያለው ዓይነት ያደናግራል። የሚያስፈልጋችሁ ግን ጥቂት ነው።

ለአጭር ፀጉር ከሁሉ የሚሻለው የጎማ ብሩሽ ነው። ለስላሳ ጥርሶቹ ቆዳ አይቧጥጡም፣ የላላውን ፀጉር ግን ሰብስበው ያነሳሉ። ብዙ ድመቶች እንደ ማሻሸት ስለሚያዩት ይወዱታል። ብሩሽ የምትፈራ ድመት ካለቻችሁ የጎማ ጥርስ ያለው ጓንት ሞክሩ። ብዙ ፀጉር ባያነሳም በእጅ እንደ መደባበስ ስለሆነ ለማለማመጃ ጥሩ ነው።

ለረጅም ፀጉር ዋናው መሣሪያ የብረት ማበጠሪያ ነው፤ ግማሹ ሰፋ ያለ ጥርስ፣ ግማሹ ጠበብ ያለ ጥርስ ያለው። ብሩሽ ላይ ላዩን አሳምሮ ከሥር ያለውን ቋጠሮ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ማበጠሪያ ግን አያልፍም፤ ቋጠሮ ካለ ይይዘዋል። በመጀመሪያ በሰፊው ጥርስ፣ ከዚያ በጠባቡ ሂዱ። ቀጫጭን ጎበጥ ያሉ ሽቦዎች ያሉት ብሩሽም ለውስጥ ፀጉር ይጠቅማል፤ እጃችሁ ከከበደ ግን ቆዳ ይልጣል። ጫናውን መጀመሪያ በራሳችሁ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሞክሩት። እናንተን ካሳመማችሁ እሷንም ያማታል።

ፉርሚኔተርን የመሳሰሉ የውስጥ ፀጉር የሚያረግፉ ባለ ብረት ምላጭ መሣሪያዎች በጣም ውጤታማ ናቸው። ያ ነው አደገኛም የሚያደርጋቸው። በአንድ ጊዜ ክምር ፀጉር ሲወጣ ማየት ደስ ይላል፣ እጅም አላቆም ይላል። አንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ከሳባችሁ ግን ጤነኛውን ፀጉር ትሰብራላችሁ፣ ቆዳውንም ታቆስላላችሁ። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠቀሙበት። የውስጥ ፀጉሯ ስስ ለሆነ ድመት ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

ማበጠር ስጀምር ትነክሰኛለች ወይም ትሸሻለች። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ፤ መፍትሔ አለውና። ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ምረጡ። ተጫውታ የደከመች ወይም በልታ የተኛች ድመት ትፈቅዳለች። ለጨዋታ የተነሳሳች ድመት ብሩሹን እንደ አደን ታየዋለች። ብሩሹን መሬት አስቀምጡትና ታሽትተው። ጉንጯን ካሻሸችበት ጥሩ ምልክት ነው።

ድመት መነካት የምትወድበት ቦታ አለ፤ ጉንጯ፣ አገጯ ሥር፣ ከጆሮዋ ፊት ለፊት ያለው ቦታ። ከዚያ ጀምሩ። ቀጥሎ አንገቷንና ጀርባዋን፣ ሁልጊዜ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ። ሆዷን፣ የኋላ እግሮቿንና ጭራዋን ለመጨረሻ ተዉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨርሶ አትንኩት። ድመት በጀርባዋ ተንጋላ ሆዷን ስታሳይ «አምኜሃለሁ» ማለቷ እንጂ «ንካኝ» ማለቷ ላይሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። እሷ ከመቆጣቷ በፊት እናንተ አቁሙ። ድመት ሳታስጠነቅቅ የምትነክሰው ከስንት አንዴ ነው። ጭራዋ ግራ ቀኝ መወራጨት ይጀምራል፣ ጆሮዎቿ ወደ ጎን ይተኛሉ፣ የጀርባዋ ቆዳ ይርገበገባል፣ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ ደስ ሲላት ከጉሮሮዋ የምታሰማውን «ኽርር» የሚል ድምፅም ታቆማለች። ከእነዚህ አንዱን ስታዩ ብሩሹን አስቀምጡ። ብሩሹን የሳባችሁት አሥር ጊዜ ብቻ ቢሆንም አቁሙ። ከዚያ የምትወደውን ጥቂት ምግብ ስጧት። ነገ ትንሽ ይጨመራል። በዚህ መንገድ የለመደች ድመት ብሩሹን ስታይ ራሷ መጥታ ትተኛለች።

አንገቷን ጨምድዶ ይዞ ማበጠር ግን በፍጹም አይሆንም። ያን ቀን ትጨርሱ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን አትጠጋችሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ድሮ ማበጠር ትወድ የነበረች ድመት በድንገት አልነካም ካለች አመል አይደለም። የሚያማት ቦታ ሊኖር ይችላል።

ግልገል ካለቻችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ድመት አዲስ ነገር በቀላሉ የምትቀበልበት ዕድሜ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እናንተ ጋ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ቢሆንም ቶሎ ጀምሩ። ፀጉሯ ገና ማበጠር የማይፈልግ ቢሆንም እሷ ግን ብሩሹን ትልመደው።

ፀጉሯ ተቋጥሯል። በመቀስ ልቁረጠው?

በመቀስ አይሆንም። እባካችሁ። የድመት ቆዳ ስስና ተለጣጭ ነው። ፀጉሩ ሲቋጠር ቆዳውን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ከውጭ ግን ሁሉም ፀጉር ይመስላል። ፀጉር የቆረጠ የመሰለው ሰው ቆዳ ቆርጦ፣ ድመቷ ለስፌት ሐኪም ዘንድ የምትሄድበት ሁኔታ የእንስሳት ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ነው።

ቋጠሮው ትንሽና የላላ ከሆነ በጣታችሁ ጀምሩ። በአንድ እጅ የፀጉሩን ሥር ከቆዳው አጠገብ ያዙት፤ ስትስቡ ቆዳዋ እንዳይጎተት። በሌላው እጅ ከጫፉ ጀምራችሁ ጥቂት በጥቂት ፍቱት። ከዚያ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ አሁንም ከጫፍ ወደ ሥር እየተጠጋችሁ ሂዱ። ከሥር ከጀመራችሁ የበለጠ ይጠብቃል። ጥቂት የበቆሎ ስታርች ነስንሳችሁ ብታሹት ፀጉሩ እርስ በርሱ ይንሸራተታል። በአንድ ቀን ካልተፈታ ለነገ አቆዩት። ፈጽሞ ውኃ አታስነኩት፤ ቋጠሮ ሲርስና ሲደርቅ ይብስ ይጠብቃል።

ቋጠሮው ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ወይም እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ ከሆነ በቶንዶስ መነሳት አለበት። ያን ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለሠለጠነ የእንስሳት ፀጉር ሠራተኛ ተዉት። እንዲህ ያለ ቋጠሮ በእያንዳንዱ እርምጃዋ ቆዳዋን ይጎትታል፤ ሥሩም ቁስል ሊደበቅ ይችላል። ቋጠሮ የሚጀምርባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ የኋላ ጭኖች፣ ማሰሪያ የሚነካው የአንገት ዙሪያ። ጊዜ ባጣችሁ ቀን እነዚህን ብቻ ፈትሹ።

ማጠብስ ይረዳል?

የላላ ፀጉር ያነሳል፤ ግን አብዛኞቹ ድመቶች መታጠብ አያስፈልጋቸውም። የጭንቀቱን ያህል ጥቅም የለውም። በጣም የወፈረች፣ ቅባት የበዛባት ወይም ፀጉር የሌላት ድመት የተለየ ፍላጎት አላት። ካጠባችሁ አስቀድማችሁ አበጥሩ፣ ለብ ያለ ውኃ ተጠቀሙ፣ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ፣ ሻምፑው አንድም ሳይቀር ይውጣ።

የሰው ሻምፑ አይሆንም፤ ለሰው ቆዳ የተሠራ ስለሆነ የእሷን ያደርቃል። ቲ ትሪ የሚባለው ዘይት ያለበት ማንኛውም ነገር ደግሞ ለድመት መርዝ ነው። ፀጉሯ ላይ የቀረውን ሁሉ እንደምትልሰው አትርሱ።

ብላጫትስ አይገላግለኝም?

አይገላግልም። የሚረግፈው ፀጉር አሁንም ይረግፋል፣ አጥሮ ብቻ። ፀጉሯ ከብርድም ከፀሐይ ቃጠሎም የሚጠብቃት ነው። ሐኪም ለሕክምና ወይም ለከባድ ቋጠሮ ካላዘዘ በቀር አትላጯት።

የፀጉር ጥቅል ታስመልሳለች። መቼ ነው የሚያሳስበው?

የዋጠችው ፀጉር አብዛኛው ከሰገራ ጋር ይወጣል። የቀረው ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ትተፋዋለች። ቅርጹ ኳስ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ረዘም ያለ ቱቦ ይመስላል፤ ጉሮሮዋ ነው እንደዚያ የሚቀርጸው። አልፎ አልፎ ከሆነ ችግር የለውም። አዘውትራ የምታስመልስ ከሆነ ግን «ድመት ነች፣ ልማዷ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከልክ በላይ እየላሰች ወይም የአንጀት ሕመም ይዟት ሊሆን ይችላል።

ደጋግማ ለማስመለስ እየታገለች ምንም የማይወጣላት ከሆነ፣ ምግብ እንቢ ካለች፣ ሰገራ ካቆመች፣ ከተኛችበት ካልተነሳች፣ ያኔ ቀጠሮ አይጠበቅም። ፀጉሩ አንጀቷን ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

ምግብ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ግን በአንድ ጀምበር አይደለም። ፀጉር በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። ድመት ደግሞ ሥጋ በል ናት፤ ያለ እንስሳት ፕሮቲን መኖር አትችልም። ፕሮቲን ሲያንሳት ቶሎ ከሚጎዱት አንዱ ፀጉሯ ነው፤ ይደበዝዛል፣ ይሰባበራል፣ አብዝቶ ይረግፋል። ኦሜጋ 3 እና ኦሜጋ 6 የሚባሉት ቅባቶችም ለቆዳዋ ያስፈልጋሉ። ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ የምትበላ ከሆነ እነዚህን ታገኛለች። የዓሣ ዘይት መጨመር ከፈለጋችሁ መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ፤ ሲበዛ ሆዷን ያበላሻል። የሰው ምግብ ትርፍራፊ ብቻ ለምትበላ ድመት ግን ከብሩሽ በፊት ምግቧን ማስተካከል ይቀድማል።

ሐኪም ማየት ያለበት መርገፍ የትኛው ነው?

በምታበጥሯት ጊዜ እጃችሁ መላ ሰውነቷን ይዳስሳል። ስለዚህ ከማንም በፊት ችግሩን የምታገኙት እናንተ ናችሁ። ፀጉሩን ከፈት እያደረጋችሁ ቆዳውን እዩ።

እንደ ቁንዶ በርበሬ ዱቄት የመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ ካገኛችሁ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉት። ዙሪያው ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ ቁንጫው የጠጣው ደም ነው። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያላት ድመት ከጥቂት ንክሻ በኋላም ከጭራዋ በላይ ያለውን ቦታ እስኪመለጥ ትልሳለች፣ ታካለች። መድኃኒት ስትገዙ ግን ለውሻ የተሠራ አታድርጉባት። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ድመትን ይገድላል።

ክብ ሆኖ የተመለጠና ቅርፊት ያለው ቦታ ጭርት ሊሆን ይችላል። ፈንገስ ነው፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ልጆች ካሉ ቶሎ ይታይ። ሆዷን ወይም የጭኗን ውስጥ ልሳ ልሳ የመለጠችው ድመት ደግሞ ማሳከክ፣ ጭንቀት ወይም የፊኛ ሕመም ሊኖርባት ይችላል። ቤት መቀየር፣ አዲስ እንስሳ ወይም አዲስ ሕፃን መምጣቱ ለጭንቀት በቂ ነው። ዕድሜዋ ከ10 ዓመት ያለፈ፣ ብዙ እየበላች የምትከሳ፣ ፀጉሯም የተንጨባረረ ድመት የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ያስፈልጋታል።

አለርጂ አለብኝ። ማበጠር ያሻሽልልኛል?

ሊያግዝ ይችላል፤ የሚያበጥራት ግን ሌላ ሰው ይሁን፣ አየር በሚገባበት ቦታ። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ፀጉሩ ራሱ አይደለም። ፌል ዲ 1 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በምራቋና በቆዳዋ ዕጢዎች ይመረታል። ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይደርቅና በአየር ይበተናል። ስለዚህ ፀጉር የሌለው ስፊንክስም ከአለርጂ ነጻ አይደለም።

ሶፋና ልብስ ላይ ያለውንስ?

የጎማ ጓንት በትንሹ አርጥባችሁ ሶፋውን በአንድ አቅጣጫ ጥረጉት፤ ፀጉሩ እየተጠቀለለ ይሰበሰባል። ልብስ ከመታጠቡ በፊት ይራገፍ፤ ከረጠበ በኋላ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ድመቷ የምትወደው ቦታ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉና እሱን ብቻ ደጋግማችሁ እጠቡ። ይህ ከሁሉም በላይ ድካም ይቀንሳል።

ድመቴ አርጅታለች፣ ራሷን ማጽዳት ትታለች። እንዴት ላግዛት?

ያረጀች ድመት መገጣጠሚያዋን ስለሚያማት ወደ ጀርባዋ መታጠፍ ያቅታታል። የወፈረችም እንዲሁ። ከወገቧ በታች ያለው ፀጉር መጀመሪያ ቅባት ይይዛል፣ ከዚያ ይቋጠራል። እንደ ስንፍና ወይም እንደ እርጅና ብቻ አትዩት፤ ለሕመሙ ሕክምና አለው። እስከዚያው ሞቅ ያለ ለስላሳ ቦታ አስተኟት፣ ለስላሳውን ብሩሽ ምረጡ፣ የወገቧና የዳሌዋ አጥንት ላይ አትጫኑ። ሳታነሷት፣ ሳታገላብጧት፣ እሷ በመረጠችው አኳኋን አበጥሯት። ጭራዋ ሥር የቆሸሸውን በለብ ያለ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉላት።

ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ፀጉሯ እፍኝ ሙሉ ይወጣል። ታማ ነው?

አይደለም። ድመት ስትፈራ ሊወድቅ የተዘጋጀው ፀጉር በአንዴ ይለቃል። የሐኪሙ ጠረጴዛ ፀጉር በፀጉር ይሆናል። ቤት ገብታ ስትረጋጋ ያቆማል። በዚያ ቀን ማበጠሩን ተዉትና ተደብቃ ትረፍ፤ በማግስቱ የላላውን ታነሱላታላችሁ።